75 ዋት

መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ፍኖተ ሰላም

ከትምህርት ቤት እንደገባሁ የኮምፒውተሬን ሆድ ከፈትኩት። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ነው፤ እህቴ እታለም ከሦስት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ላይ በስላሽ ገዝታ የላከችልኝ። የሆነ አገር፣ የሆነ ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ ሲጽፍ የኖረ ማሽን ለመሆኑ ግንባሩ ላይ ተለጥፎ የነበረው የንብረት ቁጥር ይመሰክራል። ወረቀቱን ልጬዋለሁ፤ ሙጫው ግን እስካሁን አቧራ እየያዘ አለ። ፕሮሰሰሩ አይ5-3470፣ ራሙ 8 ጊጋ። ፈተና ለመተየብ ይተርፋል። ለጌም ሲሆን ግን ሌላ ነው፦ ፔስ 2017ን ስከፍት ተጫዋቾቹ የነሐሴ ጭቃ እንደያዘው ከብት እግራቸውን እየነቀሉ ነው የሚሮጡት።

ግራፊክስ ካርድ የለውማ። ሥዕሉን የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ውስጥ የተደበቀ ኤችዲ 2500 የሚባል ትንሽ ነገር ነው፤ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከዚያችው 8 ጊጋ ላይ እየተበደረ ይውላል።

ዛሬ ለእኔ ቢጤው ደህና ወሬ ተሰምቷል። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ካርድ በዓለም ገበያ እንዲያ የተወደደው ጌም ወዳዱ ስለበዛ ብቻ አልነበረም። ኢተርየም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ «የሚቆፍሩ» ሰዎች ካርዱን በደርዘን እየገዙ ቀን ከሌት ሲያሠሩት ከርመዋል። ዛሬ ኢተርየም አሠራሩን ለወጠና በካርድ መቆፈር ቀረ። እንግዲህ ሥራ የፈታው ካርድ ሁሉ ወደ ገበያ ይወርዳል ማለት ነው። ወርዶ ወርዶ ጎጃም እስኪደርስ መጠበቅ ነው።

መስከረም 10፣ ማክሰኞ

ዛሬ ማታ ኤንቪዲያ አዲሱን አርቲኤክስ 4090 አስተዋወቀ። ዋጋው 1,599 ዶላር፤ በባንክ ምንዛሪ እንኳ ቢሰላ ከ80 ሺህ ብር በላይ ነው፣ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ሳይታከልበት። ዋጋው አላስደነገጠኝም፤ የሰማይ ዋጋ ሰው አያስደነግጥም። ያስደነገጠኝ የሚበላው ኤሌክትሪክ ነው፦ 450 ዋት። ተነሥቼ የራሴን ፓወር ሰፕላይ በስልክ መብራት አየሁት። ብረቱ ላይ በተለጠፈው ወረቀት «275» ይላል። ለሁሉም ነው 275፤ ለፕሮሰሰሩ፣ ለዲስኩ፣ ለፋኑ፣ ለሁሉም።

ሌላም ነገር ነቃሁ። ማዘርቦርዱ ላይ ካርድ የሚሰካበት ረዥሙ መሰኪያ ለካርዱ የሚያቀብለው ቢበዛ 75 ዋት ነው። ከዚያ በላይ የሚጠጣ ካርድ በጎኑ ባለ6 ወይም ባለ8 ቀዳዳ መሰኪያ ይኖረውና ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ ገመድ ይመጣለታል። የእኔው ዴል እንዲህ ያለ ገመድ የለውም። ዘንግተውት አይደለም፤ የቢሮ ማሽን ሲሠሩት ማን ኳስ ይጫወትበታል ብለው?

ስለዚህ ገና ሳልመርጥ ከገበያው አብዛኛው ቀረብኝ።

መስከረም 21፣ ቅዳሜ

ፊፋ 23 ትናንት ወጥቷል። መናኸሪያው አካባቢ ያለው ፕሌይስቴሽን ቤት ዛሬም በድሮው ፊፋ ነው የሚሠራው፤ ሕጉም የድሮው ነው፦ የተሸነፈ ይነሣል፣ የተሸነፈ ይከፍላል። ደጁ ላይ ቆሜ ሳይ ሁለት ተማሪዎቼ አዩኝና አንዱ ጆይስቲኩን ከጉልበቱ ሥር ሸጎጠ። ልቆጣው የመጣሁ መስሎታል። ወረፋ ብይዝ ምን ይል ይሆን።

ቤት ገብቼ የፊፋ 23ን መስፈርት አነበብኩ። ለኮምፒውተር የሚጠይቀው ዝቅተኛው ካርድ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ ባለ4 ጊጋ። ይህ ካርድ የወጣው የዛሬ ስድስት ዓመት በጥቅምት ነው፤ ሙሉ ፍላጎቱም 75 ዋት። ቁጥሩን ሳይ እስክሪብቶ ፈልጌ አሰመርኩበት። ፕሮሰሰር ሲጠይቅ ግን አይ5-6600ኬ ይላል፤ የእኔው ከእሱ በሦስት ትውልድ ይቀድማል። እዚያ ላይ አላሰመርኩም።

መስከረም 28፣ ቅዳሜ፣ ቡሬ

ከቡሬው ጓደኛዬ ጋር የዋልኩበትን ቀን በዝርዝር ልጻፈው፤ ለሌላም ሰው ይጠቅማል።

ከአንድ ወር በፊት በቴሌግራም ከማያውቀው ሻጭ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ገዛ። ዋጋው ከሌላው በግማሽ ያነሰ፣ ካርቶኑ አዲስ፣ ላስቲኩ ያልተቀደደ። ሰክቶ ሲከፍተው ዊንዶውስም «1050 ቲአይ፣ 4 ጊጋ» ብሎ አነበበለት። ደስ አለው። ጌም ሲጀምር አምስት ደቂቃ ይሄድና ስክሪኑ ይጠቁራል። ጥፋቱን በመብራቱ አሳበበ፤ ስታቢላይዘር ገዛ። በዊንዶውስ አሳበበ፤ ሁለት ጊዜ ፎርማት አደረገው። ድራይቨሩም እንቢ ይለዋል። «እጄ ላይ የተረገመ ነገር ነው» አለኝ።

ካርዱን ነቅሎ ሰጠኝና በመስኮቱ ብርሃን አገላበጥኩት። ከኋላው ሦስት መውጫ አለው፤ አንደኛው ሰማያዊ፣ 15 ቀዳዳ ያለው የጥንቱ ቪጂኤ። ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። ኤንቪዲያ ከ1050 ቲአይ ትውልድ ጀምሮ ለቪጂኤ የሚያስፈልገውን ሲግናል ከቺፑ ላይ አውጥቶታል፤ ስለዚህ በትክክለኛው 1050 ቲአይ ላይ ይህን ሰማያዊ ቀዳዳ ማግኘት ዶሮ ጥርስ አውጥታ እንደማየት ነው።

ለማረጋገጥ በፍላሽ ይዤው የሄድኩትን ጂፒዩ-ዚ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ከፈትን። ስሙ ፊት «ፌክ» ብሎ ጻፈ። ሥር ያለው ቺፕ ጂኤፍ116 ነው፤ በ2003 ዓ.ም. የወጣው የጂቲኤክስ 550 ቲአይ ቺፕ። አንድ ሰው የድሮውን ካርድ ባዮስ ቀይሮ አዲስ ስም አጠመቀው። 4 ጊጋ የተባለውም በስም ነው፤ ያለው 1 ጊጋ። ጌሙ ያቺን ሞልቶ ሁለተኛዋን ሲጠይቅ የለችም፤ ስክሪኑ የሚጠቁረው ያኔ ነው።

ጓደኛዬ ለሻጩ ጻፈለት። መልእክቱ ተነበበ፤ ከዚያ ሻጩ ብሎክ አደረገው። ለረዥም ጊዜ ስልኩን እያየ ዝም አለና «ስታቢላይዘሩስ? እሱም ፎርጅድ ይሆን?» አለኝ። ሳቅን። ምሳ እሱ ጋበዘኝ፤ በእኔ ነበር የሚያምረው።

ስመለስ ሚኒባሱ መንኩሳ ላይ ሰው ለማውረድ ቆመ። ፍቅር እስከ መቃብር የሚጀምርባት መንኩሳ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ስልኩ ላይ ኳስ እየተጫወተ ነበር፤ ምንም አይቆራረጥበትም። ቀናሁ።

ጥቅምት 4፣ ዓርብ

እዚሁ ከተማችን አንድ ሱቅ ካርድ አለ ተብዬ ሄድኩ። ጂቲ 730፣ ባለ4 ጊጋ። ሻጩ «4 ጊጋ ነው፣ 1050ውም 4 ጊጋ ነው፣ ልዩነት የለውም» ይለኛል። ክፋት የለውም ሰውዬው፤ የነገሩትን ነው የነገረኝ። ግን ጊጋ የጋኑ ስፋት እንጂ የአፉ ስፋት አይደለም። በ64 ቢት ዲዲአር3 ሜሞሪ የሚሠራው ጂቲ 730 ከሜሞሪው በሰከንድ የሚቀዳው 14.4 ጊጋባይት ነው፤ 1050 ቲአይ 112 ይቀዳል። በብርሌ አፍ ጠላ ሲቀዳ እንግዳው ተነሥቶ ይሄዳል።

ማታ ወረቀት ላይ የቀሩኝን ጻፍኩ። ጂቲኤክስ 1650፦ ከ1050 ቲአይ ይበልጣል፣ እሱም 75 ዋት ነው ይባላል፤ ነገር ግን ጂዲዲአር6 ሜሞሪ ያለው ብዙው ዓይነት በጎኑ ባለ6 ቀዳዳ መሰኪያ ስላለው ካርቶኑን አይቶ መግዛት አይቻልም፣ ካርዱን ማየት ነው። ዋጋውም ለእኔ ኪስ ይከብዳል። አርኤክስ 6400፦ አዲስ ነው፣ 53 ዋት ብቻ ነው፣ ልቤን ወስዶት ነበር። ግን መሰኪያው 16 መስመር እያለው ካርዱ የሚሄደው በ4 መስመር ነው። በአዲሶቹ ማዘርቦርዶች መስመሮቹ ፈጣን ስለሆኑ 4ቱ ይበቁታል፤ እንደኔ ባለው አሮጌ ላይ ግን ፍጥነታቸው በግማሽ ስለሚያንስ ካርዱ ይታነቃል። አርኤክስ 580፦ ከሁሉም ጉልበተኛ፣ ከቆፋሪዎቹ እጅ የሚወርደውም በብዛት እሱ ነው። 185 ዋት። ሰረዝኩት፤ እንደገና ጻፍኩት፤ እንደገና ሰረዝኩት።

ጥቅምት 13፣ እሑድ፣ ገጠር

ለበርበሬ ለቀማ ወደ አጎቴ ወረድኩ። ማሳው ቀልቷል። ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ የለቀምነውን ከሰዓት አውድማው ላይ አሰጣነው፤ ዓይኔን በበርበሬ እጅ ነክቼ እስከ ማታ አለቀስኩ። ልጆቹ ሳቁብኝ።

ማታ እሳት ዳር ስለ ገንዘብ ስናወራ ካርድ ለመግዛት እያጠራቀምኩ እንደሆነ አመለጠኝ።

«ስንት ነው?» አለኝ አጎቴ።

«አያ፣ ወደ 10 ሺህ ይጠጋል።»

«ሁለት በግ!» አለና ወደ ምድጃው ዞረ። ቆይቶ «ሥራው ምንድን ነው?» አለኝ።

በምን ቋንቋ ላስረዳው? ኮምፒውተሩ ውስጥ ሁለት በሬ ያስፈልጋል አልኩት። አንዱ አሮጌ ነው፤ ሁለተኛው የለም፣ አሮጌው ብቻውን ነው የሚጎትተው። ለእሱ ጥማድ ነው የምገዛው። ይህ ገባው። ወዲያው ጠየቀኝ፦ «ታዲያ ለአሮጌ በሬ ኮርማ ልትጠምድለት ነው? ፈሩ ይጣመምብሃል እኮ፤ አንዱ ሲጎትት አንዱ ሲጎተት። አቻውን ነው እንጂ።»

አርኤክስ 580ን ለመጨረሻ ጊዜ የሰረዝኩት ይህን ሰምቼ ነው። ባለሙያዎቹ ቪዲዮ ላይ ሃያ ደቂቃ የሚያወሩበትን ነገር አጎቴ ምድጃ እየቆሰቆሰ ጨረሰው። ፕሮሰሰሬ አራት ኮር ያለው የአሥር ዓመት ሽማግሌ ነው፤ ጉልበተኛ ካርድ ብሰጠው ካርዱ ግማሹን ጊዜ ሥራ ጠባቂ ሆኖ ይቀመጣል።

«ለመሆኑ ምን ያርሳሉ?» አለኝ በመጨረሻ።

«ኳስ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ስለ ካርድ አልተነሣም።

ጥቅምት 23፣ ረቡዕ

ዛሬ ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ሻይ ቤቱ ሞልቶ ሰው ሁሉ ቆሞ ዜና ይሰማ ነበር። ካርድ ትዝ አላለኝም።

ጥቅምት 26፣ ቅዳሜ

እታለም መገናኛ ሄደችልኝ። ስለ ኮምፒውተር የምታውቀው መክፈትና መዝጋት ነው፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ በስልክ ነበርን። ሱቅ ውስጥ ገብታ ስፒከር ላይ አደረገችኝ።

«ወንድሜ፣ ይሄ 1650 ነው ይላል፤ ዋጋውን ቀንሶልኛል።»

«በጎኑ ጫፍ ላይ ስድስት ትንንሽ ቀዳዳ አለው?»

«አንድ፣ ሁለት… አዎ ስድስት።»

«ይቅር።»

ነጋዴው ትዕግሥተኛ ሰው ነው። አርኤክስ 580 አወጣ፦ «እታችን፣ በዚሁ ዋጋ ከዚህኛው ይበልጥ ይሠራል፤ ፓወር ሰፕላዩን 500 ዋት ይለውጥ።» ውሸት የለበትም። ነገር ግን ፓወር ሰፕላዩ ሌላ ወጪ ነው፤ ርካሹ ደግሞ «500» ተብሎ የተጻፈበት እንደ ባዶ ቆርቆሮ ቀላል ነው። እታለምን በእጇ እንድትመዝነው ለመንኳት። «ካልሲ ይከብዳል ከዚህ» አለችኝ። ይቅር።

ሦስተኛው 1050 ቲአይ ነበር፤ ባለ አንድ ፋን፣ ስላሽ። በጎኑ ምንም ቀዳዳ የለውም። ከኋላው ሦስት መውጫ።

«ሰማያዊ አለበት?»

«ነጭ አለ፣ ጥቁር አለ… ሰማያዊ የለም።»

በሱቁ ኮምፒውተር ላይ እንዲሰካላት፣ ጂፒዩ-ዚ እንዲከፈት፣ ከዚያ ፈርማርክ የሚባለው ማስጨነቂያ ለ10 ደቂቃ እንዲሠራ ጠየቅሁ። ቺፑን ፊደል በፊደል አነበበችልኝ፦ ጂፒ107። ትክክል ነው። 10 ደቂቃዋን ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀች፤ ሙቀቱ 71 ዲግሪ ላይ ቆመ። 9,500 ብር። ከዚያ ካርዱን በእጇ ይዛ «ለዚች ጠፍጣፋ ነገር ነው ይህ ሁሉ መከራ?» አለችኝ። እውነትም ከማስታወሻ ደብተር አትበልጥም።

ኅዳር 3፣ ቅዳሜ፣ ፍኖተ ሰላም

ካርዱ በነጠላ ተጠቅልሎ ከአንድ የአገር ሰው ጋር በአውቶቡስ መጣ። ገመዱን ነቅዬ፣ የብረቱን ገላ ነክቼ፣ ካርዱን ወደ መሰኪያው ገፋሁት። «ቀጭ» አለ። ሽፋኑን ዘጋሁ። የስክሪኑን ገመድ አነሣሁና እጄ አየር ላይ ቀረ።

ስክሪኔ ያለው ሰማያዊ ቪጂኤ ብቻ ነው።

አንድ ወር ሙሉ «ሰማያዊ ቀዳዳ ካለው አትግዙ» ስል የከረምኩት ሰውዬ፣ ቤቴ ያለው ስክሪን ከሰማያዊው ሌላ የማያውቅ መሆኑ አንድም ቀን ትዝ አላለኝም። መሳቢያ ውስጥ ነጩን መውጫ ወደ ቪጂኤ የሚለውጥ አሮጌ ጭንቅላት ነበረኝ፤ አልገባም። አጎንብሼ ሳየው ጭንቅላቱ ከጎኑ አራት ተጨማሪ ጥርስ አለው፤ ካርዱ ለእነሱ ቀዳዳ የለውም። እነዚያ አራቱ ናቸው የድሮውን ሲግናል የሚሸከሙት፤ በዚህ ካርድ ላይ ከነአካቴው ቀርተዋል። በመዶሻ እንኳ አይገባም። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚለውጥ፣ ውስጡ የራሱ ቺፕ ያለበት አጭር ገመድ ያስፈልጋል። ሱቆቹ ተዘግተው ነበር። ካርዱን እያየሁ ተኛሁ።

ኅዳር 5፣ ሰኞ

ገመዱን በ650 ብር አገኘሁ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ተከፈተ። ፔስ 2017 እንደ ውኃ ይፈስሳል፤ ሣሩ ሣር፣ ማሊያው ማሊያ ሆነ። ጂቲኤ 5ም በመካከለኛ ጥራት ያለ መንቀርፈፍ ይሄዳል፤ ከተማው ሲበዛ ብቻ ፕሮሰሰሩ ያቃስታል። ፊፋ 23ን አልገዛሁም። ካርዱ ይበቃው ነበር፤ አሮጌው በሬ ግን አይበቃውም።

ኅዳር 12፣ ሰኞ

ትናንት የዓለም ዋንጫ ተከፈተ፤ ኳታር በሜዳዋ በኢኳዶር 2 ለ 0 ተሸነፈች። ዛሬ ደግሞ ኅዳር ሲታጠን ነው። በ1911 ዓ.ም. ሕዝብ ከፈጀው የኅዳር በሽታ ወዲህ በየዓመቱ በዚህ ቀን ቆሻሻ ይቃጠላል፤ ከንጋት ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ ጭስ ነው። ፋኑ ጭሱን ስቦ ወደ ውስጥ እንዳያስገባው ኮምፒውተሩን በፎጣ ሸፈንኩት፤ እናቴ አይታ «ታሟል?» አለችኝ።

ኅዳር 16፣ ዓርብ

ባለፈው ጆይስቲክ የደበቀው ተማሪ ከክፍል ስወጣ ጠበቀኝ። ወሬው ደርሶታል። «ቲቸር፣ እኔስ ምን ካርድ ልግዛ?» አለኝ።

«ሣጥኑን ክፈትና ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ፎቶ አንሥተህ አምጣ። የሣጥኑንም ወርድ በማስመሪያ ለካ። ስክሪንህ ከኋላው ምን ዓይነት ቀዳዳ እንዳለውም እይ።»

ከሰዓት ፎቶውን ይዞ መጣ። ኤችፒ ነው፤ 240 ዋት፣ የሣጥኑ ወርድ 10 ሳንቲሜትር፣ የስክሪኑ ቀዳዳ ሰማያዊ። እዚያ ውስጥ ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ አይቆምም። ግማሽ ቁመት ያለውን፣ መሰኪያ የሌለውን 1050 ቲአይ ፈልግ አልኩት፤ ለገመዱም 650 ብር ለይተህ አስቀምጥ።